ጥቁር መርሴዲስ ስታነሱ ራሳችሁን እንዳታነሱ፦ የድሮ ቅንጡ መኪኖችን ፎቶ የማንሳት ዝርዝር መመሪያ

"ቅዳሜ ያነሳሁትን እስቲ እየው" ብለው ስልካቸውን የሚያቀብሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ፎቶው ላይ የማየው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ኮፈኑ ላይ ነጭ ሰማይ። በሩ ላይ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ። መሃል ላይ ደግሞ እግሩን ከፍቶ፣ ክርኑን አውጥቶ የቆመ ፎቶ አንሺ። መኪናዋ የት ሄደች?

ካሜራ ቀይሩ አልላችሁም። የድሮ መኪና፣ በተለይ ጥቁር ቀለምና ብዙ ክሮም (አብዛኞቻችን ኒኬል የምንለው) ያላት፣ ጎማ የተገጠመላት መስታወት ናት። መስታወት ውስጥ የሚታየው ደግሞ ፊቱ የቆመው ነገር ነው። ከሥራው ከግማሽ በላይ የሚሆነው መኪናዋ ፊት ምን እንደሚቆም መምረጥ ነው።

ለምሳሌ የምይዘው ደብልዩ 116 የሚባለውን፣ ከ1972 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የመርሴዲስ ኤስ ክላስ ነው። የአጎቴ ጓደኛ አንዲት ጥቁር አላቸው። የተማርኩትም፣ የተዋረድኩትም በእሷ ላይ ነው። ሮልስ ሮይስ ቢሆን፣ ጃጓር ቢሆን፣ የአባታችሁ ፔጆ 404 ቢሆን ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

1. መጀመሪያ ባለቤቱን

ካሜራ አንጠልጥላችሁ መኪናዋን አትዙሩ። ባለቤቱ ከሩቅ ሲያያችሁ ወይ ሌባ ወይ ደላላ ይመስለዋል። ቅረቡ፣ ሰላምታ ስጡ፣ ጠይቁ።

"ጋሼ፣ መኪናዎ በጣም ታምራለች። ትንሽ ፎቶ ባነሳት ይፈቅዱልኛል?"

ከዚያ ዝም በሉ። እሳቸው ያወራሉ። መቼ እንደገዟት፣ የቱ ጋራዥ እንዳበላሻት፣ የትኛው ዕቃ ከየት እንደመጣ። ይህ ጊዜ አይባክንም፤ በኋላ በቅርበት የምታነሱትን ነገር እዚህ ላይ ትሰሙታላችሁ። "ስንት ታወጣለች?" የሚለውን ግን አትጠይቁ። ወሬውም ፈቃዱም እዚያው ላይ ያበቃል።

እያደነቃችሁም ቢሆን እነዚህን ጠብቁ፦

- ቀለሙን በእጅ አትንኩ። የቀበቶ ዘለበት፣ የጃኬት ዚፕና ቀለበት ቀለም ይጭራሉ።
- ቦርሳችሁን ኮፈን ላይ አታስቀምጡ። ለአንድ ሴኮንድም ቢሆን።
- ኮፈን ላይ የቆመችውን ኮከብ አታጣምሙ። ስትገፋ እንድትተኛ በሞላ የተያዘች ናት፤ ግን ሞላው የ50 ዓመት ሞላ ነው።
- በር ራሳችሁ አትክፈቱ። ባለቤቱ ይክፈቱላችሁ።

2. ቦታና ሰዓት

በቀትር ፀሐይ አትድከሙ። ጣሪያው ይነጣል፣ ጎኑ ይጠቁራል፣ ኒኬሉ ደግሞ ዓይን የሚወጋ ነጠብጣብ ይሆናል።

የምትፈልጉት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ሰማዩ ያኔ እንደ ትልቅ ለስላሳ መብራት ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ እንደ ወሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት ግድም እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ውስጥ ትጠልቃለች። ከዚያ በኋላ ያላችሁ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምንርቅ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ሰኔ ላይ ስቶክሆልም የምታነሱ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ተዝናንታችሁ ትሠራላችሁ። እዚህ ግን 11 ሰዓት ላይ ደርሳችሁ ሁሉን ካላሰናዳችሁ "ጎማውን ትንሽ ያዙሩልኝ" ስትሉ ጨልሞ ያርፋል።

ማምሸት ካልቻላችሁ በጠዋት ኑ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ መንገዱም ባዶ ነው፣ ጠባቂውም ገና አልነቃም።

ቦታ ስትመርጡ ጀርባችሁን ለመኪናዋ ስጡና ከኋላችሁ ያለውን እዩ። ጎኗ ላይ የሚታየው እሱ ነው። ሰው ሁሉ የሚያምር ግንብ ይፈልግና መኪናዋን ግንቡ ፊት ያቆማል፤ ከራሱ ጀርባ ግን ሦስት ሚኒባስና የውሃ ታንከር አለ። ከኋላችሁ ክፍት ሜዳ፣ ወጥ የሆነ ረጅም አጥር ወይም ዝቅ ያለ ተራራ ካለ አገኛችሁ። የመኪና ማቆሚያ የመጨረሻ ፎቅ ጥሩ ነው፤ አጥሩ አጭር ከሆነ ሰማይ ብቻ ነው የሚታየው።

ክረምት ሲሆን ደመናው ቀኑን ሙሉ ብርሃን ያለሰልሳል። ለነጭና ለብርማ መኪና ይመቻል። ጥቁሯ ላይ ግን ኮፈኑ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፤ ለዚህ መፍትሔው ደረጃ 7 ላይ አለ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከቤተ መንግሥት፣ ከወታደር ካምፕና ከኤምባሲ አጥር ራቁ። "መኪና ነው የማነሳው" የሚለው ማብራሪያ ካሜራው ከተወሰደ በኋላ ብዙ አይረዳም።

3. አጠባ

ላቫጆ ወስዳችሁ በግፊት ውሃ አታስመቷት። የድሮ መኪና የመስታወት ጎማዎች ደርቀዋል፣ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። ከላሜራው መጋጠሚያ ስር የተደበቀ ዝገት ካለ ደግሞ ቀለሙን ይዞ ይነሳል።

1. ጥላ ውስጥ አቁሟት፣ ላሜራው ይብረድ። ትኩስ ላይ የደረቀ ውሃ ክብ ክብ ምልክት ይተዋል። ፎቶ ላይ እንደ ፈንጣጣ ነው የሚታየው።
2. መጀመሪያ በውሃ ብቻ አቧራውን አስለቅቁ። አቧራ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ በአሸዋ ወረቀት እንደ ማሸት ነው።
3. ሁለት ባልዲ ያዙ፤ አንዱ የመኪና ሻምፖ ያለበት፣ ሌላው ጨርቁ የሚለቀለቅበት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ሰሙን ይወስደዋል፣ አትጠቀሙ።
4. ከጣሪያ ወደ ታች እጠቡ፣ ጎማና ቸርኬ መጨረሻ። ለእነሱ ሌላ ጨርቅ።
5. በማይክሮ ፋይበር ጨርቅ በቀጥታ መስመር አድርቁ። እያዞሩ ማሸት ጥቁር ቀለም ላይ የሸረሪት ድር ይሠራል። መብራት ሲያርፍበት ነው የሚታየው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል።
6. የኋላ መብራቷን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ደብልዩ 116 ላይ ሽፋኑ ሸንተረር ሸንተረር ነው፤ የተሠራው ጭቃ ቢረጭበት እንኳ የውስጥ ጎድጓዱ ንጹሕ ሆኖ ብርሃን እንዲያሳልፍ ነው። ከጎን ብርሃን ሲመታው እጅግ ቆንጆ ፎቶ ይወጣዋል፣ ሸንተረሩ ውስጥ አፈር ከሌለ።

ጎማውን በናፍጣ ወይም በዘይት አታብርቁ። ላስቲኩን ይበላዋል፤ ፎቶ ላይም የራሰ ጫማ ይመስላል።

ለጉዞ ሌላ ንጹሕ ጨርቅ ያዙ። ከላቫጆ እስከ ቦታው ድረስ ያለው አቧራ አዲስ ነው።

4. መኪናዋን ማቆም

ከጀርባዋ ያለው ግንብ ወይም ዛፍ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። ከጣሪያዋ ላይ የበቀለ የሚመስል የመብራት እንጨት አለመኖሩን አረጋግጡ። ካለ መኪናዋ ሳትሆን እናንተ ሁለት እርምጃ ተንቀሳቀሱ።

የፊት ጎማዎች የቸርኬው ፊት ወደ እናንተ እንዲታይ ይዙሩ። ከፊትና ከጎን ከሚታይበት ማዕዘን ስታነሱ መሪው የሚዞረው ከእናንተ በተቃራኒ ነው። በግራ ፊቷ በኩል ከቆማችሁ መሪው ወደ ቀኝ። ብዙ ሰው ይገለብጠውና ጎማው ብቻ፣ ያውም ጥርሱ፣ ይታያል። መሪውን ባለቤቱ ያዙሩት፤ መኪናዋ በዝግታ እየተንቀሳቀሰች እያለ። ቆማ መሪ ማዞር የድሮ መሪ ዘንጎችን ያደክማል።

ዳገት ላይ ከሆነች የእጅ ፍሬኑን አትመኑ። ጎማ ስር ድንጋይ አድርጉ፣ በማይታየው በኩል።

መብራት ላይ ተጠንቀቁ። የፊት መብራት በርቶ ደስ ይላል። አንድ ምሽት ሞተሩ ጠፍቶ መብራቱን አስበርቼ "አንዲት ብቻ፣ አንዲት ብቻ" ስል ቆየሁ። ሰዓቴን ሳይ ግማሽ ሰዓት አልፏል። ጋሼ ቁልፉን ሲያዞሩ ቀጭ ብቻ አለች። ሦስት ሆነን ገፋን። አውቶማቲክ ስለሆነች ግፊያው ላብ ብቻ ሆነ። በመጨረሻ አንድ የታክሲ ሹፌር ኬብል አውጥቶ አስነሳልን፣ እየሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሕጌ ይህ ነው፦ ፓርኪንግ መብራት ብቻ፣ ያውም ላነሳ ስል አስበርቼ ወዲያው አስጠፋለሁ። ኬብልም ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

5. የት ትቆማላችሁ

ራቁ። ቀርባችሁ በስልክ ሰፊ ሌንስ ስታነሱ አፍንጫዋ ይነፋል፣ የኋላዋ ይኮማተራል። አምስት ሜትር የምታህል መኪና የልጆች መጫወቻ ትመስላለች።

- በስልክ፦ ሁለት እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ የሚያቀርበውን ሌንስ ምረጡ። በሁለት እጥፉ ስምንት ሜትር ገደማ መራቅ ይበቃል።
- በካሜራ፦ ከ70 እስከ 135 ሚሊ ሜትር ሌንስ። በ85 ሙሉዋን ለማስገባት ከ12 እስከ 15 ሜትር ትርቃላችሁ፤ ቦታ ስትመርጡ ይህን አስሉ።

ተንበርከኩ። ካሜራው የፊት መብራት ከፍታ ላይ ይሁን። ቆማችሁ ከላይ ወደ ታች ካነሳችኋት የምትሸጥ መኪና ትመስላለች።

ልብሳችሁ ጠቆር ያለ ይሁን። ብርቱካናማ ጃኬት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የሚያብረቀርቅ ቦርሳ አይሆንም። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ነጭ ነጠላ ለብሰው ከኋላዬ ቆመው ያዩኝ ነበር። እኔ አላየኋቸውም። ፎቶው ላይ የኋላው በር ውስጥ ልክ እንደ መንፈስ ቆመዋል።

ከማንሳታችሁ በፊት ይህን አድርጉ፦ ዓይናችሁን ካሜራው ላይ እንዳደረጋችሁ መኪናዋን ተዉና ጎኗ ላይ ያለውን *ምስል* ብቻ እዩ። የሰማይና የመሬት መገናኛ መስመር በሩ ላይ ይታያል። መስመሩ ከፊት ፓራፋንጎ እስከ ኋላ ሳይቆራረጥ ከሄደ አንሱ። አንድ ነገር ከቆረጠው ግማሽ ሜትር ወደ ጎን፣ ወይም ትንሽ ዝቅ። ሃያ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አንድ ሙሉ ሚኒባስ ያጠፋል። ከዚህ መመሪያ አንዲት ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይችን ያዙ።

6. የብርሃን ልክ

ካሜራ ጥቁር መኪና ሲያይ "ጨልሟል" ብሎ ያበራል፣ ጥቁሩ አመድ ይሆናል። ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ ቀንሱ (አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ ማሳነስ ነው)። ነጭ መኪና ላይ ተቃራኒው፣ ሁለት ሦስተኛ ጨምሩ። በስልክ ከሆነ ስክሪኑን ተጭናችሁ ቆልፉና ጣታችሁን ወደ ታች ጎትቱ።

ካሜራ ያላችሁ፦ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ልክ) 8። የመዝጊያው ፍጥነት የፈለገውን ይሁን፤ መኪናዋ የትም አትሄድም። ሞተሩ ግን ይጥፋ፣ ሲነቃነቅ ምስሉን ያደበዝዛል።

ኒኬሉ ላይ የምትታይ ትንሽ ነጭ ነጥብ አታስጨንቃችሁ፣ ያለ እሷ ኒኬል ኒኬል አይመስልም። ፓራውልቱ በሙሉ ከነጣ ግን ቀንሱ።

7. ፖላራይዘር ፊልተር

ሌንሱ ፊት የሚገጠም፣ የሚዞር፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ መስታወት ነው። ብዙ ሰው ይገዛዋል፣ ጥቂት ሰው ያዞረዋል። እያዞራችሁ እዩ፤ ቀለሙና መስታወቱ ላይ ያለው ነጸብራቅ ሲጠፋና ሲመለስ ይታያችኋል። ወተት ለመሰለው የክረምት ኮፈን መድኃኒቱ ይኸው ነው። አራት ነገር ግን እወቁ፦

- ኒኬል ላይ አይሠራም። ብረት የሚያንጸባርቀውን ብርሃን ፊልተሩ ለይቶ አያስቀርም።
- ኮፈኑን ሲያጠራ የፊት መስታወቱን ላያጠራ ይችላል። ትራይፖድ ላይ ሁለት ፎቶ አንሱ፣ አንዱ ለኮፈን፣ አንዱ ለመስታወት፤ በኋላ ኮምፒውተር ላይ አጋጥሙ።
- የጎንና የኋላ መስታወት ላይ ነጠብጣብ ካወጣ ፊልተሩ አልተበላሸም። በሙቀት የጠነከረ መስታወት ጠባዩ ነው። ትንሽ መልሳችሁ አዙሩ።
- ነጸብራቁን ሙሉ በሙሉ አታጥፉ። ቅርጿን የሚነግረን እሱ ነው። ሁሉንም ስታጠፉት ፕላስቲክ ትሆናለች።

አንድ ተኩል ስቶፕ ያህል ብርሃን ይበላል፣ አስቡበት።

8. በቅርበት

ሙሉዋን አስር ጊዜ ካነሳችሁ ይበቃል። አሁን ጋሼ ወዳወሯችሁ ነገር ሂዱ። የእኛዋ መርሴዲስ መሪ ላይ፣ ግራ እጃቸው ሁልጊዜ የሚያርፍበት ቦታ ለስልሶ አብረቅርቋል። ሌላው ሸካራ ነው። ከሁሉም ፎቶዎች እሷን ነው የወደዷት።

ኮከቡን፣ ወይም ሮልስ ሮይስ ላይ ከ1911 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትቆመውን ክንፍ ያላት ሴት፣ ከጎን አንሱ። ጀርባው ጨለማ ይሁን። ኤፍ 4 ይበቃል፣ ፎከሱ ወደ እናንተ በቀረበው ጠርዝ ላይ።

ስፖኪዮ ስታነሱ ራሳችሁን ፈልጉ። ውስጡ አላችሁ።

9. ውስጧ

ከኋላ ወንበር ሆናችሁ ወደ ክሮስኮቱ አንሱ። በተቃራኒ በኩል ያለው በር ይከፈት፣ ብርሃን በዚያ ይግባ። ብልጭታ አትጠቀሙ።

ሶፍት፣ የሽቶ ዛፍ፣ የስልክ ማስቀመጫ ይነሱ፤ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ። ከመስታወቱ ላይ የተንጠለጠለ ሥዕል ወይም መቁጠሪያ ካለ ግን እኔ አላስነሳም። እዚያ የኖረ ነው።

10. ስትሄድ

ከመንገዱ ውጭ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ቁሙ። ባለቤቱ በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በፊታችሁ ይለፉ። የመዝጊያ ፍጥነት 1/60፤ ከወገባችሁ እየዞራችሁ የፊት መብራቱን ተከተሉ፤ በተከታታይ ተኩሱ። ከሃያው ሁለቱ ቢሳካላችሁ ጎበዞች ናችሁ። ከሌላ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ላይ ተቀምጦ ማንሳት ቪዲዮ ላይ ደስ ይላል፤ አስፋልት ላይ ግን ለአንድ ጉድጓድ የተተወ ነው።

ሙዚየም ውስጥ ከሆነ

ሽቱትጋርት ያለው የመርሴዲስ ሙዚየምም ሆነ ሌላ፣ በር ላይ ስለ ፎቶና ትራይፖድ ጠይቁ። መብራቱን መቀየር አትችሉም፤ ስለዚህ የጣሪያው አምፖሎች ኮፈኑ ላይ እንደ ጉንዳን ሲሰለፉ ሙሉዋን ማንሳቱን ተዉትና ቁራጭ ቁራጯን አንሱ። በመክፈቻው ሰዓት ግቡ፣ ሰው ሳይበዛ።

ሲበላሽ

*መኪናዋ ሙዝ መሰለች።* በጣም ቀርባችኋል። ወደ ኋላ ሂዱና በሌንሱ አቅርቡ።

*ጎማው ጥቁር ቀዳዳ ሆነ።* ነጭ ካርቶን መሬት ላይ፣ ከምስሉ ውጭ አንጥፉ፤ ብርሃን ወደ ቸርኬው ይመልሳል።

*አስፋልቱ ላይ ዘይት ተንጠባጠበ።* የድሮ መኪና ነዋ! ሁለት ሜትር ወደ ፊት ትሂድና ወዲያው አንሱ። ሁለተኛ ስትቆም ካርቶን ከስሯ አድርጉ፣ ልታነሱ ስትሉ ሳቡት።

*ጨለመባችሁ።* ካሜራና ትራይፖድ ካለ አልመሸም። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ 30 ሴኮንድ። ጥቁር የለበሰ ጓደኛችሁ ረዘም ያለ የኤልኢዲ መብራት ከመኪናዋ በላይ ይዞ ከፊት ወደ ኋላ ይራመድ፣ ሳይቆም። ከቆመ ይታያል። በስልክ ግን ወደ ቤት ሂዱ።

*ታርጋው ይታያል።* የምትለጥፉት ከሆነ አደብዝዙት። ጋሼ "ግድ የለም" ቢሉም አደብዝዙት።

የመጨረሻዋ ፎቶ

ባለቤቱ አጠገቧ ቆመው መነሳት ይፈልጋሉ። አይጠይቋችሁም፣ ግን ኮታቸውን ከኋላ ወንበር አውጥተው ለብሰዋል። እጃቸውን በሩ ላይ ያሳርፉ፤ የራሳቸው መኪና ናት፣ መንካት ይችላሉ። መጀመሪያ ግን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ፓራፋንጎው ያስጠጓቸው። መሃል በር ላይ ከቆሙ ጀርባቸው በቀለሙ ውስጥ ይወጣና ሁለት ጋሼ ታነሳላችሁ።